የአንድ ባይት ኬላ

ከደሴ የሚወርድ መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል፤ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ በደህናው ዘመን ደግሞ እስከ አሰብ ይዘልቃል። እንዲህ ያለ የመንገድ መገናኛ ላይ ላደገ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ገመድ ይወጠራል፣ መኪናው ይቆማል፣ ጭነቱ ይታያል፣ ገመዱ ይረግባል፣ መኪናው ይሄዳል። መንገዱ እንደነበረ ነው።

በኮምፒውተር ላይ የሚሮጥን ፕሮግራም መሀል መንገድ አቁሞ ጭነቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ገመድ የሚወጥርበት ቦታ የለውም። በየቢሮው ያለው ተራ ላፕቶፕ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትእዛዞችን ይፈጽማል። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዷ ላይ፣ ሳይቀድሙና ሳይዘገዩ፣ ማስቆም ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ ዲበገር ይባላል፤ ማቆሚያው ደግሞ ብሬክፖይንት። በፕሮግራመሩ ዓይን ብሬክፖይንት ከኮዱ መስመር ግራ ጠርዝ የምትቀመጥ ቀይ ነጥብ ናት። ከነጥቧ ሥር የሚሠራው ሥራ ግን ድፍረት የተሞላበት ነው፦ ዲበገሩ የፕሮግራሙን የራሱን ትእዛዝ ይለውጣል። መንገዱን ይቆፍራል፣ ጉድጓዱ ላይ የቆመውን መኪና ይፈትሻል፣ ከዚያ ጉድጓዱን ደልድሎ መኪናውን ያሳልፋል፤ ሾፌሩ ግን ጉድጓድ እንደነበረ ማወቅ የለበትም። ማስቆሙ ከ40 ዓመት በፊት በአንድ ባይት መፍትሔ አግኝቷል። የተነሳውን ወደ ቦታው መመለስ ግን እስከ ዛሬ መሐንዲሶችን ያደክማል፤ የዚህ ጥበብ ታሪክም አብዛኛው የመመለስ ታሪክ ነው።

ብሬክፖይንት የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ከገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚቀበለው ክፍሎቹ በኬብል እርስ በርስ ሲያያዙ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሴት ፕሮግራመሮች አንዷ የነበሩት ቤቲ ሆልበርተን ሥራው የሚፈለግበት ቦታ ላይ እንዲቆም ከፈለጉ ኬብሉን መንቀል እንደሚበቃ አሰቡ። ብሬክፖይንት ማለት ያኔ በቀጥታ ኬብሉ የተቋረጠበት ነጥብ ማለት ነበር።

ፕሮግራሙ ከኬብል ወጥቶ ሚሞሪ ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛውን በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር ላይ የሠራው ስታንሊ ጊል እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት አሳየ፦ ሌላ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም የሚመረመረውን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ እያነበበ፣ በእሱ ምትክ እየፈጸመ፣ የሆነውን እያተመ ይሄዳል። አስተማማኝ ነው፤ ግን እጅግ ቀርፋፋ። ሁለተኛው መንገድ በአሜሪካው ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1961 አካባቢ ፒዲፒ-1 ለተባለው ኮምፒውተር ከተጻፈው ዲዲቲ ጋር ገነነ። ስሙ የተወሰደው ከዚያው ተባይ ማጥፊያ ነው፤ በኢትዮጵያ የወባን ትንኝ ለማጥፋት ቤት ለቤት ሲረጭ ከኖረው። ዲዲቲ ፕሮግራሙን በራሱ ፍጥነት እንዲሮጥ ይለቀዋል፤ የሚፈለገው ቦታ ላይ ያለውን ትእዛዝ ግን አስቀድሞ አንስቶ በምትኩ ወደ ራሱ የሚያዘልል ትእዛዝ ይተክላል። በፒዲፒ-1 ላይ እያንዳንዱ ትእዛዝ ባለ 18 ቢት አንድ ቃል ስለነበር የተነሳውና የተተካው ልክ ለልክ ይገጥማሉ።

ልኩ ከተዛባባቸው ፕሮሰሰሮች አንዱ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው 8086 ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ትእዛዞች እኩል አይደሉም። አንዳንዷ አንድ ባይት ብቻ ናት፤ የዛሬዎቹ የቤተሰቡ አባላት ላይ ረጅሟ እስከ 15 ባይት ትደርሳለች። ስለዚህ ከአንድ ባይት የሚረዝም ማንኛውም ኬላ አጭር ትእዛዝ ላይ ሲቆም ጎረቤቱን ይደፈጥጣል። የኢንቴል መልስ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበች ባለ አንድ ባይት ትእዛዝ ነበረች፦ ኢንት 3። በፕሮግራመሮች አጻጻፍ በመሠረተ 16 «ሲሲ» ትባላለች፤ በተለመደው አቆጣጠር 204 ናት።

ነገሩን ከቅርብ ማየት ይሻላል። የዚሁ ቤተሰብ ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ የአንድ ፈንክሽን መጀመሪያ ሚሞሪ ውስጥ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ እነዚህ አራት ቁጥሮች ተደርድረው ይገኛሉ፦ 85፣ 72፣ 137፣ 229። የመጀመሪያዋ 85 ብቻዋን ሙሉ ትእዛዝ ናት፤ የጠሪውን ፈንክሽን የስታክ መነሻ አድራሻ ስታኩ ላይ፣ ማለትም ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ነገራቸውን በሚደራርቡበት የሚሞሪ ክፍል ላይ፣ አኑር ትላለች። ቀጣዮቹ ሦስት ባይቶች አንድ ላይ ሌላ ትእዛዝ ናቸው፤ አሁን ያለንበትን የስታክ ጫፍ አዲስ መነሻ አድርግ ይላሉ። እዚህ ፈንክሽን መግቢያ ላይ ኬላ ሲቆም ዲበገሩ 85ን ወስዶ በራሱ መዝገብ ይይዛታልና ረድፉ 204፣ 72፣ 137፣ 229 ይሆናል። ሌላ የተነካ ነገር የለም።

የኢንት ትእዛዝ ባለ ሁለት ባይት መልክም አላት፤ 205 እና 3 ተብላ ትጻፋለች። በ204 ፈንታ እሷ ብትተከል ረድፉ 205፣ 3፣ 137፣ 229 ይሆን ነበር። ከላይ ተነስቶ ለሚመጣ ፕሮግራም ችግር የለውም፤ ይቆማል። ከሌላ ቦታ ዘልሎ በቀጥታ ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ የሚያርፍ ካለ ግን የሚያገኘው 72ን ሳይሆን 3ን ነው። ፕሮሰሰሩም 3፣ 137፣ 229ን ከሚቀጥሉት ሦስት ባይቶች ጋር አጣምሮ አንድ የመደመር ትእዛዝ አድርጎ ያነበዋል፤ ማንም ያልጻፈው ትእዛዝ፣ ከማይታወቅ የሚሞሪ አድራሻ ቁጥር አምጥቶ የሚደምር። ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ የወደቀውም በፕሮግራመሩ ጥፋት ሳይሆን ጥፋት ሊፈልግ በመጣው መሣሪያ ነው። የአንዷ ባይት ዋጋ ይህ ነው።

በኤምኤስ ዶስ ዘመን ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ዲበግ የተባለ ፕሮግራም ይህንኑ ያደርግ ነበር። ፕሮግራም ሲያስኬድ እስከ 10 የሚደርሱ የማቆሚያ አድራሻዎችን ይቀበላል፣ በየአንዳንዳቸው ላይ 204 ይተክላል፣ አንዱ ላይ ሲቆም ሁሉንም ይመልሳል። ፕሮግራሙ ከተተከሉት በአንዱም ሳያልፍ በሌላ በኩል ከጨረሰ ግን የተተከሉት እዚያው ይቀሩ ነበር። ማስቆም ቀላል፣ መመለስ ከባድ የሆነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

አሁን መኪናው ኬላው ላይ ይድረስ። 204 አድራሻ 1000 ላይ ተተክላለች እንበል። ፕሮሰሰሩ አንብቦ ሲፈጽማት 3ኛ ቁጥር ኢንተራፕትን ያስነሳል፤ ሥልጣኑ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይተላለፋል። ሊነክስ ላይ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ይህን ሲግትራፕ ወደሚባል ምልክት ይለውጠዋል። ፕሮግራሙ ፒትሬስ በሚባለው የከርነሉ ጥሪ በኩል በዲበገር ክትትል ሥር ስለሆነ ምልክቱ በቀጥታ አይደርሰውም፤ መጀመሪያ የሚነገረው ተኝቶ ሲጠብቅ የነበረው ዲበገር ነው። ዲበገሩ ነቅቶ የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮች፣ በውስጡ ያሉትን ትንንሽ የቁጥር መያዣዎች፣ ሲመለከት ፕሮግራሙ 1001 ላይ እንዳለ ያነባል፤ 204 ተፈጽማ አልቃለችና። 1001 በመዝገቡ የለም፤ አንድ ሲቀነስ ግን 1000 ይገኛል። ስለዚህ አንድ ይቀንሳል፣ ፕሮግራሙንም ወደ 1000 ይመልሰዋል።

ይህች ተቀናሽ አንድ ቀላል ትመስላለች። ብትረሳ ግን ፕሮግራሙ ሲለቀቅ ከ72 ይጀምራል፤ 85 ሳትፈጸም ታልፋለች። ስታኩ በስምንት ባይት ይጎድላል፤ ያም ቢሆን ወዲያው ምንም አይታይም። ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሊመለስ ሲል ግን የመመለሻ አድራሻው መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ያገኛል። ውድቀቱ የሚታየው ስህተቱ ከተፈጠረበት ርቆ ነው።

ፕሮግራመሩ ተለዋዋጮቹን አይቶ «ቀጥል» ሲል ሌላ ችግር ይመጣል። 85 ወደ ቦታዋ ካልተመለሰች ፕሮግራሙ መሄድ አይችልም፤ ከተመለሰች ደግሞ ኬላው ፈረሰ፣ በሚቀጥለው ዙር አይያዝም። መፍትሔው በሦስት ርምጃ ይሄዳል። ዲበገሩ 85ን ይመልሳል። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ትራፕ ፍላግ የምትባለውን ቢት ያበራል፤ እሷ ስትበራ ፕሮሰሰሩ አንድ ትእዛዝ ብቻ ፈጽሞ እንደገና ይቆማል። 85 ትፈጸማለች፣ ፕሮግራሙ 1001 ላይ ይቆማል፣ ዲበገሩ 204ን መልሶ ይተክላል፣ ፍላጓን ያጠፋል፣ ይለቃል። ቀይዋን ነጥብ ያስቀመጠው ሰው «ቀጥል» ብሎ አንድ ቁልፍ ሲጫን ከሥሩ የሚሆነው ይህ ሁሉ ነው።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቅ አለበት፦ የፕሮግራም ኮድ ሚሞሪ ውስጥ ተነባቢ ብቻ ተደርጎ አይደለም ወይ የሚቀመጠው? ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የራሱን ኮድ ልጻፍበት ቢል ከርነሉ ይገድለዋል። ለዲበገር ግን በፒትሬስ በኩል ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶታል። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ የበለጠ ያሳስባል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የጽሑፍ ማተሚያ ፈንክሽን ላይ 204 ቢተከል ኮምፒውተሩ ላይ የሚሮጡት ሁሉ ኬላው ላይ ሊቆሙ ነው? አይቆሙም። ከርነሉ ኮዱ ከመለወጡ በፊት ያንን የሚሞሪ ገጽ ለተመርማሪው ፕሮግራም ብቻ ይገለብጥለታል፤ 204 የምትጻፈው በቅጂው ላይ ነው። ዲስክ ላይ ያለው ፋይልም አይነካም።

ልጅ የሚወልድ ፕሮግራም ሲመጣ ግን ቅጂው ራሱ ጣጣ ይሆናል። ፎርክ በሚባለው ጥሪ አንድ ፕሮግራም ሲባዛ ልጁ የአባቱን ሚሞሪ ከነ204ቶቹ ይወርሳል፤ የሚከታተለውን ዲበገር ግን አይወርስም። ኬላው ላይ ሲደርስ ሲግትራፕ ይነሳል፣ የሚቀበል የለም፣ ልጁ ይሞታል። ጂዲቢ የተባለውና ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ዲበገር ስለዚህ ልጁን ከመልቀቁ በፊት የተተከሉትን አንድ በአንድ ይነቅልለታል።

ከሁሉ የከፋው ፈተና የመጣው ፕሮግራሞች ብዙ ትሬድ ሲኖራቸው ነው። ትሬዶች አንድ ዓይነት ኮድ የሚያነቡ የአንድ ፕሮግራም ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ለጠየቀው ደንበኛ ይመልሳል፣ ሌላው ፋይል ይጽፋል፣ ሁሉም ግን ያው አንድ ሚሞሪ አላቸው። ከላይ የታየውን ሦስት ርምጃ እናስታውስ። ዲበገሩ ለአንዱ ትሬድ ሲል 85ን መልሶ አንድ ትእዛዝ በሚያስኬድበት ቅጽበት ኬላው ተነስቷል። በዚያች ቅጽበት ሌላ ትሬድ 1000 ላይ ከደረሰ ሳይያዝ ያልፋል፤ ፕሮግራመሩም «እዚህ መስመር ላይ ማንም አልደረሰም» ብሎ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ለሳምንታት ከሚፈለጉት ስህተቶች ብዙዎቹ ትሬዶች ሲሽቀዳደሙ ብቻ የሚፈጠሩ ናቸውና በዚህ በኩል የምታመልጥ ቅጽበት ቀላል ነገር አይደለችም።

የመጀመሪያው መልስ ጉልበት ነው፦ አንዱ እስኪሻገር ሌሎቹን ሁሉ ማስቆም። ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ትሬዶች ያሉት ፕሮግራም ላይ ያንቀራፍፋል፣ ለጊዜ ጥብቅ የሆነ ሥራ ላይ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሁለተኛው መልስ ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጂዲቢ 7 በያዘው ዘዴ አንዱ ትሬድ እንዲሻገር ሲባል 204 ከቦታዋ አትነሳም። ይልቅስ የተነሳችው ዋናዋ ትእዛዝ ወደ ሌላ ባዶ የሚሞሪ ቦታ ትገለበጣለች፤ ትሬዱ እዚያ ሄዶ ቅጂዋን ይፈጽማል፤ ከዚያ ከኬላው ማዶ ወዳለው ቀጣይ ትእዛዝ ይመለሳል። ለአንድ መኪና ሲባል ኬላው አይፈርስም፣ በአቋራጭ ይዞራል።

አቋራጩም የራሱ ጣጣ አለው። 85ን የመሰለች ትእዛዝ የትም ብትፈጸም ውጤቷ አንድ ነው። «ከኔ 200 ባይት ወደፊት ያለውን ቁጥር አምጣ» የምትል ትእዛዝ ግን ከቦታዋ ተነስታ ሌላ ቦታ ስትነበብ የምታመጣው የሌላ ሰው ቁጥር ነው። ባለ 64 ቢቱ የኢንቴል ቤተሰብ ደግሞ በእንዲህ ያሉ ትእዛዞች የተሞላ ነው። ስለዚህ ዲበገሩ ቅጂዋን ሲያዘጋጅ አንድ ሬጅስተር ተበድሮ ትክክለኛውን አድራሻ ይሞላበታል፣ ትእዛዟን በዚያ እንድትመራ አድርጎ ይጽፋታል፣ ተፈጽማ ስታልቅ የተበደረውን ይመልሳል። ወደ ሌላ ፈንክሽን የምትጠራ ትእዛዝ ከሆነችም ስታኩ ላይ የምትጽፈው የመመለሻ አድራሻ የአቋራጩ እንዳይሆን ይታረማል። እያንዳንዱን ዓይነት ትእዛዝ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ኮድ ከጻፉት ሰዎች ትዕግሥት ጋር ሲነጻጸር ቀይዋን ነጥብ ማስቀመጥ በጣም ትንሽ ሥራ ነው።

ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ሌላ ዓለም ነው። አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች በአርም ፕሮሰሰር ይሠራሉ፤ ባለ 64 ቢቱ አርም ላይ ሁሉም ትእዛዝ ልክ አራት ባይት ነው፣ ማቆሚያው ብርክ የተባለው ትእዛዝም እንዲሁ። ጎረቤት መደፍጠጥ የለም። ብርክ ሲፈጸምም አድራሻው ራሱ ብርክ ላይ እንዳለ ይቆያልና አንድ መቀነስ አያስፈልግም። በአንጻሩ አርም ላይ ለትእዛዝና ለዳታ የተለያዩ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻዎች ስላሉ ዲበገሩ ብርክን ከተከለ በኋላ የትእዛዙ ማከማቻ እንዲታደስ መደረግ አለበት። ያለዚያ ፕሮሰሰሩ አሮጌውን ትእዛዝ ከማከማቻው አንብቦ በተተከለው ኬላ ላይ ይነጉዳል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። አዲሱ ሪስክ-ፋይቭ የተባለው የፕሮሰሰር ቤተሰብ ደግሞ ባለ አራትም ባለ ሁለትም ባይት ትእዛዞች ስላሉት ለሁለቱም ልክ ማቆሚያ አዘጋጅቷል።

ኮዱን ምንም ሳይነኩ ማስቆምም ይቻላል። የኮምቦልቻን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመሰለ ቦታ የሚያውቅ ሰው የሽመና ማሽን ድር ሲበጠስ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ ስስ የብረት ቅጠል ተንጠልጥላ ትጠብቃለች፤ ክሩ ሲበጠስ ቅጠሏ ትወድቃለች፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛው መጥቶ ይቋጥራል። ጨርቁ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፤ ጠባቂው ከጨርቁ ውጭ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው 80386 ውስጥ ተመሳሳይ ጠባቂ አስገባ። አራት ልዩ ሬጅስተሮች እያንዳንዳቸው አንድ አድራሻ ይይዛሉ፤ ፕሮሰሰሩ እዚያ አድራሻ ሲደርስ ወይም እዚያ ያለው ቁጥር ሲጻፍበት ራሱ ይቆማል። «ይህን ተለዋዋጭ ማን ነው የሚያበላሸው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። 204 ትእዛዝን እንጂ ቁጥርን መጠበቅ አትችልምና። ጉድለቱ ብዛቱ ነው፦ አራት ብቻ። አራቱ ካለቁ ጂዲቢ ተለዋዋጩን ለመጠበቅ ፕሮግራሙን ትእዛዝ በትእዛዝ ያስኬዳል፤ ይህ በመቶዎች እጥፍ እንደሚያዘገይ የራሱ መመሪያ ይናገራል። የስታንሊ ጊል የ1951 መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለ መዘግየት ከተነሳ፣ ብዙ ጀማሪ የሚያማርረው ባለ ሁኔታ ብሬክፖይንት ነው፤ «ቆጣሪው 999,999 ሲሆን ብቻ አቁም» የሚለው። ሰውየው የሚያየው አንድ መቆም ነው። ፕሮግራሙ ግን በየዙሩ 204 ላይ ይወድቃል፣ ከርነሉ ዲበገሩን ይቀሰቅሳል፣ ዲበገሩ ቆጣሪውን አንብቦ «ገና ነው» ይላል፣ ሦስቱ ርምጃዎች ይደገማሉ። አንድ ሚሊዮን ገደማ ጊዜ። ሁኔታውን ኮዱ ውስጥ በአንድ የ«ከሆነ» መስመር ጽፎ ኬላውን በዚያ ውስጥ ማቆም ብዙ ጊዜ ይፈጥናል።

ዘዴው ከፕሮሰሰሩ በላይ ባሉት ፎቆችም ይደገማል። ጃቫ የራሱ ምናባዊ ማሽን አለው፤ በማሽኑ የትእዛዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ቁጥር 202 ብሬክፖይንት ተብላ ለዲበገር ብቻ ተይዛለች። ፓይተን ለረጅም ዘመን በየመስመሩ ተቆጣጣሪ ፈንክሽን እየጠራ ይዘገይ ነበር፤ በ2023 የወጣው 3.12 ግን ትእዛዙን ቦታው ላይ በሌላ የሚለውጥበትን መንገድ አመጣ። የሊነክስ ከርነልም እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው 2.6.9 ጀምሮ በሚሮጠው በራሱ ኮድ ላይ 204 እየተከለ ይመረመራል። ከዚህም አልፎ ከርነሉ እየሮጠ ሳለ ረዘም ያለ ትእዛዙን መለወጥ ሲያስፈልገው በትእዛዙ የመጀመሪያ ባይት ላይ 204 ያቆማል፣ ጭራውን ይጽፋል፣ በመጨረሻ 204ን በአዲሱ የመጀመሪያ ባይት ይተካል። ለስህተት ፍለጋ የተፈጠረችው ባይት ለጥገና ጊዜ የመንገድ መዝጊያ ሆነች።

ኬላን የሚሸሹም አሉ። አጥፊ ሶፍትዌርና ጥብቅ የቅጂ ጥበቃ ያላቸው ፕሮግራሞች የራሳቸውን ኮድ እየቃኙ 204 ይፈልጋሉ፤ ካገኙ «እየተመረመርን ነው» ብለው ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ይህ ፍለጋ አያስተማምንም። 204 በብዙ ትእዛዞች ውስጥ በንጹሕ መንገድ ትገኛለች፤ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለርም በፈንክሽኖች መካከል ያለውን ክፍተት በእሷ ይሞላል። በሙከራ ጊዜ ደግሞ ዋጋ ያልተሰጣቸውን ተለዋዋጮች በ204 ስለሚሞላቸው ቻይናውያን ፕሮግራመሮች «ያቃጥላል» የሚል ፊደል ስክሪናቸው ላይ ተደርድሮ ያያሉ፤ በነሱ የፊደል ኮድ ሁለት 204 አንድ ላይ ያንን ፊደል ይሰጣሉና። የኛም ፊደል ድርሻ አለው። ግእዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ «ዌ» የተሰጣት ቁጥር 4812 ነው፤ ዊንዶውስ በሚጠቀምበት አጻጻፍ ሚሞሪ ውስጥ 204 እና 18 ሆና ትቀመጣለች። «ኖርዌይ» ብሎ የጻፈ ሁሉ አንድ 204 ሚሞሪ ውስጥ አስገብቷል።

ይህ ሁሉ የአሮጌ ዘመን ጨዋታ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. 2018ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ሁለት ተመራማሪዎች ከስታክ ጋር የተያያዘች አንዲት ትእዛዝ የማቆሚያውን ኢንተራፕት ለአንድ ትእዛዝ ያህል እንደምታዘገይ፣ ያቺም መዘግየት ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ሥልጣን እንዲነካ በር እንደምትከፍት አሳዩ። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊነክስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማስተካከያ አወጡ። የሦስቱም ጸሐፊዎች የኢንቴልን መመሪያ አንድ ዓይነት አድርገው በተሳሳተ መንገድ ተረድተውት ነበር።

ኮምቦልቻ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ እንደሌሎቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ተማሪዎችን ያስተምራል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የማይክሮፕሮሰሰርና የአሴምብሊ ቋንቋ ኮርስ አለ፤ ትምህርቱም በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያው ከ8086 ነው። ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ችግሩ ለልምምድ የሚታወቀው ኢሙ8086 የማስመሰያ ፕሮግራም መሆኑ ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ራሱ ተርጉሞ ስለሚፈጽም 204 መትከል አያስፈልገውም። ሬጅስተሮችን ለማሳየት ጥሩ ነው፤ የኬላውን ሥራ ግን ተማሪው ሳያይ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አንድሮይድን ይጨምራል፤ እዚያ ያለው ቀይ ነጥብም ከላይኛው ፎቅ ነው።

ብዙ ተማሪ ስህተት የሚፈልገው በየመስመሩ «እዚህ ደርሷል» እያሳተመ ነው። ዘዴው የሚናቅ አይደለም፤ ትልልቅ ፕሮግራመሮችም ይሠሩበታል። ነገር ግን መሣሪያውን ስለማያውቀው የሚሸሸው ሰውና አውቆት ሌላ የሚመርጠው ሰው አንድ አይደሉም። የአሴምብሊ መምህራን ከሴሚስተሩ አንድ ሁለት የቤተ ሙከራ ሰዓት ሰጥተው ተማሪዎቻቸውን ከማስመሰያው ወደ እውነተኛው ማሽን ቢያወርዷቸው፣ ፒትሬስን ተጠቅመው 204 የምትተክልና የምትነቅል ትንሽ ዲበገር ቢያስጽፏቸው፣ ስለ ኢንተራፕት፣ ስለ ስታክ፣ ስለ ሚሞሪ ፈቃድና ስለ ትሬድ በተለያዩ ኮርሶች የተበተነው ትምህርት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። እንዲህ ያለ ዲበገር በጥቂት መቶ የሲ መስመሮች ይጻፋል። ሊነክስና ጂዲቢ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ላፕቶፕ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ይሞክር። ሁለት ፈንክሽን ብቻ ያለው የሲ ፕሮግራም ይጻፍ፤ ዋናው ፈንክሽን የሌላኛውን የመጀመሪያ ባይት በቁጥር ያትምና ከዚያ ይጥራው። በአዲሶቹ የኡቡንቱ ስሪቶች ላይ በተለመደው አኳኋን ኮምፓይል ተደርጎ ሲሮጥ የሚታተመው 243 ነው፤ ኮምፓይለሩ ለደኅንነት ከ85 በፊት የሚያስገባት ትእዛዝ መጀመሪያ ናት። አሁን ያው ፕሮግራም ጂዲቢ ውስጥ ይከፈት፤ ብሬክፖይንቱ በኮከብ ምልክት ልክ ፈንክሽኑ መነሻ አድራሻ ላይ ይቀመጥና ይሂድ። ስክሪኑ ላይ 204 ይታተማል፣ ፕሮግራሙም ኬላው ላይ ይቆማል። ቆሞ ሳለ ጂዲቢ በዚያው አድራሻ ያለውን ባይት እንዲያሳይ ቢጠየቅ ግን የሚመልሰው 243 ነው። ጂዲቢ ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር የተከላቸውን ሁሉ ነቅሎ ዋናዎቹን ይመልሳል፣ «ቀጥል» ሲባል እንደገና ይተክላል።